ቅንጦት አትበሉት፣ የክት በሉት

(አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣት ዲዛይነሮች፣ ለልብስ ሰፊዎችና ለሸማኔዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ እንድሰጣችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ እንደተናገርኩት አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ?

ከኋላ ያላችሁትን አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ? እንዲህ ነው!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሽሮ ሜዳና ከጉለሌ ሥራችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ ሸማኔዎችን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ከሽመና ጉድጓዳችሁ ስትነሱ ስንት ክንድ ሸማ እንደሚቀር አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በባህላዊ ቅርስ ላይ የቆመ የቅንጦት ፋሽን ብራንድ በራስ አቅም እንዴት ይገነባል» የሚል ነው። ረጅም ርዕስ ነው። እኔ ሦስት ነገር ብቻ እናገራለሁ። አንደኛ ስለ ቃሉ። ሁለተኛ ስለ ሸማኔው። ሦስተኛ ስለ ስም። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሺ፣ አንደኛው።

«ቅንጦት» ሲባል ምን ይሰማችኋል? እውነቱን ንገሩኝ። እኛ ቤት ቅንጦት ስድብ ነበር። «ሽሮ ደገማችሁብን» ብለን ስናጉረመርም እናቴ «ምን ያቀናጣችኋል!» ትለን ነበር። ቅንጦት ማለት ሰው ሳያስፈልገው የሚያምረው ነገር ነው። ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው የምኮራበትን ሥራ በዚህ ስም የምጠራው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ዓመት አስቸግሮኛል። መልሱ ግን አልጋ ሥር ነበር።

እናቴ አልጋዋ ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ነበራት። ቁልፉን አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ታስረዋለች። ሳጥኑ ሲከፈት ቤቱን የዕጣን ሽታ ይሞላዋል። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቀሚስ አለ። የክቷ ነው። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይወጣል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ አንዳንዴ ለሠርግ። አያቶቻችን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት ወደው አይደለም። ልብሱ ቀን አለው። የዘወትሩ ሌላ ነው፣ የክቱ ሌላ ነው።

አያችሁ? ቃሉ ነበረን። ሌላው ዓለም «የቅንጦት ዕቃ» የሚለውን እኛ ድሮ «የክት» ብለነዋል። የክት ልብስ ሳያስፈልግ የተገዛ አይደለም። ተቆጥቦለት፣ ታስቦበት፣ ሸማኔው ተመርጦለት የተሠራ ነው። ይጠበቃል። ሲያረጅ አይጣልም፣ ለልጅ ይሰጣል። ያ የእናቴ ቀሚስ ዛሬ የእኔ ነው። ይዤው መጥቻለሁ፣ በኋላ አሳያችኋለሁ።

እኔ ግን ሥራ ስጀምር ይህን አላየሁም። የፈረንሳይ የሚመስል ስም አወጣሁ። ጥቁር ሳጥን አሠራሁ፣ በላዩ ላይ በወርቅማ ቀለም ጻፍኩበት። ለሳጥኑ ያወጣሁት ገንዘብ ለፈታይዋ ከከፈልኩት ይበልጥ ነበር። ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምናገረው። ሰው የሚገዛው ሳጥን አይደለም።

ፈረንሳዮቹን ካነሳን አይቀር፣ ኤርሜስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1837 ፓሪስ ውስጥ ሲከፈት የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ቤት ነበር። ልጓም፣ የጋሪ ፈረስ መጎተቻ፣ የቆዳ ሥራ። ዝነኛው የሐር የአንገት ልብሳቸው የወጣው በ1937 ነው። ልክ ከ100 ዓመት በኋላ! እነሱ ከሌላ አገር አልተዋሱም። ከራሳቸው ፈረስና ከራሳቸው ቆዳ ሰፊ ተነሡ። እኛ ከየት እንነሣ? ከጉድጓዱና ከእንዝርቱ ነዋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከቅርስ መነሣት ማለት ቅርሱን ማወቅ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ያስነሳሁ ጊዜ ሞዴሏ ነጠላውን ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊቷ አድርጋ ለበሰችው። ብርሃኑ ጥለቱ ላይ ሲያርፍ አማረኝ። ለቀቅኩት። በማግስቱ አክስቴ ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

ስንቶቻችሁ ገባችሁ? እናቶች ገብቷችኋል። ጥለቱ ወደ ላይ ሲሆን ሐዘን ነው። ነጠላ ይናገራል። ለቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ለለቅሶ ሌላ፣ ለሠርግ ሌላ ነው። እኔ ሳላውቅ ደንበኞቼን ሁሉ ለቅሶ ጠርቻቸዋለሁ። ፎቶዎቹን በሙሉ አወረድኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም አዲስ ሥራ ከመውጣቱ በፊት አንዲት እናት ታየዋለች። እስከ ዛሬ ይህ ደንብ አልተሻረም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሸማኔው።

ከመካከላችሁ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሸማ ሲሠራ ያየ እጁን ያውጣ። ... ጥቂት ናችሁ። ዲዛይነሮች ናችሁ እኮ! ነገ ሂዱ። ሩቅ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሱቆቹን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ግቡ።

ምን ታያላችሁ? ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። መወርወሪያውን በአንድ እጁ ይወረውራል፣ በሌላው ይቀበላል። ስለዚህ የሸማው ስፋት እጁ የሚደርስበትን ያህል ነው፤ ከአንድ ሜትር በታች። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ መወርወሩ ይቆማል። ድሩን በጣቱ እየለየ ባለቀለሙን ክር አንድ በአንድ ያስገባል። ማጉ ፈትል ከሆነ ከእሱ በፊት ሌላ እጅ አለ። ጥጡን የዳመጠች፣ ባዘቶውን ያዘጋጀች፣ በእንዝርት የፈተለች እናት አለች።

ይህን የምዘረዝረው ለማስደነቅ አይደለም። ንድፋችሁ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። የልብስ ስፌት ትምህርት ላይ የምታገኙት ቅድ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ላለው የፋብሪካ ጨርቅ የተሠራ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ካፖርቴን በዚያ ቅድ ቆረጥኩት። ሸማው ተበላሸ፣ ከግማሽ በላዩ ቁርጥራጭ ሆነ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ቁርጥራጩን አንሥተው አዩና «ሸማ አይቆረጥም ልጄ፣ ይገጠማል» አሉኝ። ይገጠማል! ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ ሁሉ ጠርዝ ከጠርዝ እየተገጠመ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ልብሶቼ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር አላቸው። ጥለቱ ራሱ ስፌቱ የሚውልበትን ቦታ ይነግረኛል። የውጭ አገር ገዢዎች «ይህን ቅርፅ ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። ከመወርወሪያው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

በሁለተኛው ዓመት ሥራዬን ከሚሠሩልኝ አንድ ሸማኔ ጋር ተጣላሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። የትውልድ ቦታቸው ጨንቻ ነው፤ ሽመናን ከአባታቸው ነው የተማሩት። ሰፊ ጥለት ያለው የአንገት ልብስ አዝዤያቸው ዘገዩ። እኔ የሦስት ቀን ሥራ ነው ብዬ ነበር የተዋዋልኩት። ተናደድኩ። «ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። «ነይና ቁጭ በይ» አሉኝ።

ደብተር ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ሲጀምሩ እጽፋለሁ፣ ማታ ሲያቆሙ እጽፋለሁ። ክር ሲበጠስ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዓይናቸውን ሲያሻሹ እጽፋለሁ። ስድስት ቀን ተኩል ወሰደ። ስድስት ቀን ተኩል! እኔ የሦስት ቀን ነበር የምከፍላቸው። መጨረሻ ላይ ደብተሬን አዩት። «ጥለቱን ቆጥረሽዋል፣ ክሩንም ቆጥረሽዋል። የእኔን ወገብ ግን አልቆጠርሽውም» አሉኝ።

ወዳጆቼ፣ የእኔ ብራንድ የተወለደው የዚያን ቀን ነው። ስሙን ያወጣሁ ቀን አይደለም። ፈቃድ ያወጣሁ ቀን አይደለም። የዚያን ቀን ነው።

ዋጋ የማወጣው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሸማኔውን ቀናት እጽፋለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ይመጣል። ክር፣ ፈታይ፣ ስፌት፣ እጥበት፣ ኪራይ፣ የሚበላሸው። በላዩ የእኔን አደርጋለሁ። ከዚያ የውጭ ሱቅ ከገዛበት ዋጋ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ አድርጎ እንደሚሸጥ እያሰብኩ፣ «በዚያ ዋጋ ይህ ልብስ የክት ይሆናል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አይሆንም ካልኩ ንድፉን አቀላለሁ፣ ጥለቱን አጠባለሁ። የሸማኔውን ቀን ግን አልነካም። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ገበያው ስንት ይከፍላል ብለን ከላይ እንጀምራለን፣ እየቀነስን እየቀነስን ስንወርድ ታች ላይ የምናገኘው ሰው ሸማኔው ነው። እሱ ላይ እናወራርዳለን።

ይህ አዲስ በደል አይደለም። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ መስደብ ተዉ የሚል። ንጉሥ በአዋጅ እስኪከለክል ድረስ የምንለብሰውን የሠራልንን ሰው እንሰድብ ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል። ክፍያውስ? ክፍያው ተስተካክሏል ወይ? እናንተ ሸማኔዎች መልሱ።

ሰማችሁ። አልተስተካከለም።

አንድ የከበደ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልናገረው አልወርድም። ከጋሞ ደጋ «እናስተምራቸዋለን» እየተባሉ መጥተው ጉድጓድ ውስጥ የሚያድጉ ልጆች አሉ። ሁላችንም እናውቃለን። ጥለቱ አምሮ ዋጋው በጣም ሲረክስባችሁ ጠይቁ። «ማን ሠራው?» በሉ። ቤቱን ካላሳዩኝ አልገዛም በሉ። ይህን በማለቴ ሥራ አጥቻለሁ፣ ሰው ተቀይሞኛል። ልጅ የሠራውን ልብስ ግን የክት ብዬ መሸጥ አልችልም። አልችልም።

ስለ ቀለምም ባጭሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ለመክሰር ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከውጭ የመጣ የመጀመሪያ ትልቅ ትእዛዜ 60 የአንገት ልብስ ነበር። ቀይ ጥለት በነጭ ላይ። ደንበኛዋ አንዱን አጠበችው፣ ሮዝ ሆነ። ቀዩ ክር ቀለሙን ለቀቀ። ስልሳውም ተመለሰ። ክሩን ጥሩ ነው ብሎ የሸጠልኝን ሰው አልወቅስም፣ መሞከር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን እያንዳንዱን አዲስ ክር በሙቅ ውሃ አርሼ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ነጩ ጨርቅ ነጭ ካልሆነ ክሩ ይመለሳል። ትንሽ ነገር ናት። 60 ልብስ አስከፍላኝ ነው የተማርኳት።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ስም።

የንግድ ምልክታችሁን አስመዝግቡ። አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፣ አንብቡት። ዛሬ ነገ አትበሉ። ይህን ያህል።

ከእናንተ ስም በላይ ግን የሚያሳስበኝ የጥለቱ ስም ነው። መርካቶ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ጥለታችን ፖሊስተር ላይ ታትሞ ከውጭ አገር በጥቅልል እየገባ ነው። ከሩቅ ያምራል። እናቶቻችን አቅም ስላነሳቸው ይገዙታል፣ እነሱን አልወቅስም። ያቺን ጥለት ግን ያወጣት አንድ ሸማኔ ነው። ንድፉን ከሱቅ መስኮት ፎቶ አንሥተው ወሰዱበት።

ሌላው አገር ምን አደረገ? ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደሴቶች ላይ የሚሠራ፣ ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የብሪታንያ ፓርላማ ሕግ አወጣለት። በዚያ ስም ለመጠራት ጨርቁ እዚያው ደሴቶቹ ላይ የተፈተለና የተነከረ፣ የደሴቶቹ ነዋሪም በገዛ ቤቱ በእጁ የሸመነው መሆን አለበት። በገዛ ቤቱ! እኛም እኮ በገዛ ቤታችን ነው የምንሸምነው። የራሳችንም ልምድ አለን። የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡናችን ስም የእኛ ነው ብለን ተከራክረን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። በቡና የቻልነውን በሸማ ለምን አንችልም? ለዶርዜ ጥለት ለምን አንችልም? ይህን አንድ ዲዛይነር ብቻውን አያደርገውም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሰዎች ግን ልንጀምረው እንችላለን። ከቡና በኋላ መዝገብ ይዞራል፣ ስማችሁን ጻፉበት። እለምናችኋለሁ፣ ጻፉ።

መንገድ የከፈቱልን አሉ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ብራንድ ስትመሠርት ሸማኔዎች ገበያ እያጡ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በረባሶን፣ ያንን ከጎማ የሚሠራውን፣ ሶልሬብልስ ብላ ዓለም አቀፍ ጫማ አደረገችው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ባይኖሩ የውጭ ሱቅ በሬን አያንኳኳም ነበር።

አሁን «በራስ አቅም» ስለሚለው። በአምስተኛው ዓመት አንድ ባለሀብት መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ያቀረቡልኝ ገንዘብ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ጥለቱ በማሽን ይሁን፣ ታሪኩ እንዳለ ይቀጥል። «ማን ያውቃል?» አሉኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ደመወዝ የምከፍላቸው ሰዎች አሉ፣ ኪራይ አለብኝ። ጠዋት ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሠሩ፣ ሠሩ፣ ከዚያ ቀና ሳይሉ «እኔ አውቃለሁ» አሉኝ።

ገንዘቡን አልወሰድኩም። በምትኩ ዕቁብ ገባሁ። ከደንበኛ ግማሹን ቀብድ መቀበል ጀመርኩ። ቀብድ ያልከፈለ አይሠራለትም። በወር ልንሠራ የምንችለውን ቆጥረን ከዚያ በላይ ትእዛዝ መቀበል አቆምን። ሰው ወረፋ ይይዛል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሙሽራ ከሠርጓ ስምንት ወር በፊት ትደውላለች። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሸሸም። የክት ልብስ ድሮም ይጠበቅ ነበር እኮ። እናቶቻችን ለአንድ ቀሚስ ክረምቱን ሙሉ ይጠብቁ ነበር።

ቀላል ነበር አልላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምናስገባበት ከአጎዋ ስንወጣ አሜሪካ ያሉ ሁለት ሱቆች ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወርቀ ዘቦው የማይቀመስ ሆነ። ያን ጊዜ ያወጣነው ሥራ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ነጭ ጥለት በነጭ ሸማ። ቸግሮን ነው ያደረግነው። እስካሁን ከሠራነው ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

በየልብሱ ውስጥ፣ ከአንገቱ ሥር፣ የሸማኔው ስም የተጻፈባት ትንሽ ጨርቅ አለች። የጋሼ ስም አለባት። አንድ ቀን ልጃቸው አይቶ «አባዬ፣ ስምህ አሜሪካ ይሄዳል?» አላቸው። ጋሼ ድሮ «ልጄን ሸማኔ አላደርገውም» ይሉኝ ነበር። እኔም «ልክ ነዎት» እል ነበር። ልጁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። ይቀጥልበት አይቀጥልበት የራሱ ጉዳይ ነው፤ ጠይቄውም አላውቅም።

ጊዜዬን ጨረስኩ፣ አዘጋጆቹ እያዩኝ ነው። ቡናው ደርሷል። የእናቴን ቀሚስ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ፣ ንኩት፣ አትፍሩ። ፊቱን ብቻ እንዳታዩ። ጥለቱን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ክሩ የተሻገረበት፣ የታሠረበት፣ ሸማኔው ደክሞት ትንሽ የላላበት ቦታ አለ። ከወገቡ በስተቀኝ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በጣቴ እየዳሰስኩት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።